ዘፈኑን ሳይሰሙ የሚፈርዱ

እሑድ ከቀትር በኋላ አብነት መንገድ ዳር ቆሞ ጆሮውን የጣለ ሰው አንድ ነገር ሳይታዘብ አያልፍም። በአንዱ ወገን ካለው አዳራሽ መዝሙር በድምፅ ማጉያ ይለቀቃል። ከማዶው ሥጋ ቤት ደግሞ ዘፈን። መሐል ላይ መኪናው አለ፤ ተሳፋሪ የሚጠራው ወያላ አለ፤ የሚጮኸው ሁሉ ይጮኻል። ከሩቅ ለሚሰማው ሁለቱ ዜማዎች መንታ ወንድማማቾች ናቸው፤ ያው ኪቦርድ፣ ያው ችክችካ፣ ያው የትዝታ ወይም የባቲ ቅኝት። የትኛው ለፈጣሪ፣ የትኛው ለጠይሟ ልጅ እንደሚቀርብ ለማወቅ ጠጋ ብሎ ቃሉን መስማት ግድ ይላል። እኔም ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣሁት ጠጋ ብሎ ቃሉን የሚሰማ ሰው እያጣን ስለመጣን ነው።

ጠቤ ከሁለት ወገኖች ጋር ነው። አንደኛው ወገን «ዘፈን ኃጢአት ነው» ብሎ በአንድ ቃል ይገላገላል። ምን ዓይነት ዘፈን? የማን? ስለ ምን? አይጠይቅም። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ኧረ ተዉት እባካችሁ፣ መዝናኛ ነው! ግጥሙን ማን ይሰማል? ምቱ ካማረ ይበቃል» ይላል። እነዚህ ሁለት ወገኖች ዓይንና ናጫ መስለው ይታዩ እንጂ በአንድ ነገር ተስማምተው ያድራሉ። ዘፈኑ የሚናገረውን መስማት አያስፈልግም ባዮች ናቸው። አንዱ ሳይሰማ ይኮንናል፤ ሌላው ሳይሰማ ይጨፍራል።

እኔ ክርስቲያን ነኝ። በተዋሕዶ ተጠምቄ ያደግሁ፣ ግማሽ ጎረቤቶቼና ዘመዶቼ ደግሞ ወንጌላውያን የሆኑ የልደታ ልጅ ነኝ። ስለዚህ የምናገረው ደጅ ቆሜ አይደለም። በዚህ ጉዳይ ሁለቱም ቤቶች ተመካክረው ያዘጋጁት የሚመስል አንድ ዓይነት ስብከት ስለሚሰብኩ (በሌላ በምንም ነገር ሲስማሙ አላየሁም!) ሁለቱንም አንድ ላይ ብጠራቸው ቅር አይሰኙም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል አንድ የማውቀውን ልንገራችሁ። በሰፈራችን አንዲት የ19 ዓመት ልጅ አለች፤ ስሟንም ቤተ ክርስቲያኗንም አልጠራም። ድምፅ ተሰጥቷታል። ከሕፃንነቷ ጀምሮ በመዘምራን ኅብረት ውስጥ ስታገለግል ኖራለች። ባለፈው ዓመት ታላቅ ወንድሟ ሲዳር፣ ሙሽራው ከቤት ሊወጣ ሲል አክስቶቿ የቆየውን የሠርግ ዘፈን ጀመሩ። የእነሱ ድምፅ ሲደክም እሷ ተቀበለች። ሁላችንም የምናውቀው፣ ቤተ ዘመድ ልጁን ሲሸኝ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ነውር ነገር አንዲት ቃል የለበትም። አንዱ እንግዳ በስልኩ ቀረጸው፤ የተቀረጸውም ከስልክ ወደ ስልክ ዞረ። በሳምንቱ ሽማግሌዎች ፊት ቀረበችና «ዘፍነሻል» ተባለች። ከአገልግሎት ስድስት ወር ታገደች። «ጋሼ፣ ምን ብዬ እንደዘፈንሁ እንኳ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም» አለችኝ። ስድስት ወሩ ካለፈ ቆይቷል። እሷ ግን አልተመለሰችም። መዝሙር አትዘምርም፤ ዘፈንም አትዘፍንም። እናቷ እንደሚሉት ከሆነ ዕቃ ስታጥብ ማንጎራጎሯን እንኳ ትታለች።

ሽማግሌዎቹ የጠቀሱባት ጥቅስ የታወቀው ነው። ወደ ገላትያ ሰዎች፣ ምዕራፍ 5 ቁጥር 21። በ1954 ዓ.ም. በወጣው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሐዋርያው ጳውሎስ የሥጋን ሥራዎች ሲቆጥር ከስካር ቀጥሎ «ዘፋኝነት» የሚል ቃል ይገኛል። በቃ! ይህች አንዲት ቃል በአገራችን ስንት ክራር አሰቅላለች፣ ስንት ካሴት አስቃጥላለች! ዳሩ ግን ጳውሎስ የጻፈው በአማርኛ አልነበረም። በጽርእ የጻፈው ቃል «ኮሞስ» ይባላል። ይኸው ቃል በሮሜ 13፥13 እና በአንደኛ ጴጥሮስ 4፥3 ተመልሶ ይመጣል፤ እዚያም አማርኛው «ዘፈን» ብሎታል። ኮሞስ ግን ብቻውን የቆመ ዘፈን አይደለም። ጥንት ግሪኮች ከግብዣ ተነሥተው፣ ወይኑ ናላቸው ላይ ወጥቶ፣ በሌሊት ችቦ ይዘው እየጮኹና እየጨፈሩ በየመንገዱ የሚፈስሱበት፣ የሰው ደጅ የሚያንኳኩበት ፈንጠዝያ ነው። በሦስቱም ጥቅሶች ከስካር ጎን ለጎን የተቀመጠው ያለ ነገር አይደለም። ሐዋርያው የኮነነው ስካሩን፣ ልቅነቱን፣ የሌሊት ረብሻውን ነው። ወንድሟን የሸኘችውን ልጅ ጳውሎስ አያውቃትም።

ተርጓሚዎቹን መክሰሴ አይደለም። በግእዝ «ዘፈነ» ማለት በዋናነት ጨፈረ፣ እግሩን አነሣ ማለት ነው፤ በድምፅ ማዜም የሚለው ትርጉም በአማርኛ እየገነነ የመጣ ነው። የቀድሞው ትርጉም በዚያው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እስከ ዛሬ ተጽፎ ይነበባል። ዳዊት በታቦቱ ፊት ያደረገውን በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 6 ላይ አንብቡ። «ዘፈነ» የሚለው ያው ግሥ ነው! በመስኮት አይታ የናቀችው ሜልኮል ናት፤ መጽሐፉ ደግሞ ለሜልኮል አላደላም። መክብብም ለሁሉ ጊዜ እንዳለው ሲዘረዝር ለመዝፈን ጊዜውን አልነፈገውም። እንግዲህ አንዱን ቃል ገላትያ ላይ የጥፋት መንገድ፣ ሳሙኤል ላይ የንጉሥ ምስጋና አድርጎ የሚያነብ ሰው ቃሉ የተነገረበትን ቦታና ምክንያት ያየ ሰው ነው። ለዳዊት ቦታና ምክንያት ከታየለት ለአብነቷ ልጅ የማይታይላት በምን ዕዳዋ ነው?

የጠፋው ልጅ ታሪክ ደግሞ አለ፤ ሉቃስ 15። ልጁ ተመልሶ ፍሪዳው ከታረደ በኋላ ከአባቱ ቤት ወደ ውጭ የሚሰማው ምን ነበር? አማርኛው መሰንቆና ዘፈን ይለዋል። ያንን ሰምቶ «አልገባም» ብሎ ደጅ የቀረው ታላቅየው ነው፤ እርሻ ሲሠራ የዋለው፣ ትእዛዝ ያላጓደለው። ዘፈንን ለመኮነን በሚደረግ ስብከት ላይ ይህ ምዕራፍ ሲነሣ በበኩሌ አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም።

ቃላት ካነሣን አይቀር «አዝማሪ» የሚለውንም እናንሣው። ሥሩ «ዘመረ» ነው። መዝሙር፣ መዘምር፣ አዝማሪ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ አንዱ ቤተ መቅደስ ቀረ፣ ሌላው ጠጅ ቤት ገባ። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዘመን ግእዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ ብሎ ዜማ ያስተማራት ቤተ ክርስቲያን ከበሮና ጸናጽል ይዛ ስታሸበሽብ ኖራለች፤ አካል ሲወዛወዝ አይታ አልደነገጠችም። በደብረ ታቦር ሆያ ሆዬ አለ። በእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ አለ። በጥምቀት ታቦቱ ወደ መንበሩ ሲመለስ ጎረምሳው እየጨፈረ ያጅባል። እነዚህ መዝሙር ናቸው ወይስ ዘፈን? እናት ልጇን ታዝላ እሹሩሩ ስትልስ? አስለቃሽ ሙሾ ስታወርድስ? ዳዊት ለሳኦልና ለዮናታን ያወረደው ሙሾ በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1 ተጽፎ አለ፤ ከላይ እስከ ታች ብታነቡት የእግዚአብሔርን ስም አታገኙበትም። የወዳጅ ሐዘን ነው፣ ሌላ አይደለም። የይሁዳ ልጆች እንዲማሩት ግን ታዟል። መኃልየ መኃልይማ ምን ልበል! ያን መጽሐፍ ዛሬ አንድ የልደታ ልጅ ስሙን ለውጦ በኪቦርድ ቢያወጣው ስንት ወር ይታገድ ነበር?

በዚህ ክርክር ላይ የሙሉቀን መለሰን ስም ሳያነሣ የሚወርድ ሰባኪ ጥቂት ነው። ሙሉቀን ገና ልጅ ሳለ መድረክ ላይ የወጣ፣ በ1960ዎቹ ዓ.ም. ከከተማችን ተወዳጅ ድምፆች አንዱ የሆነ ሰው ነበር። ከዚያ ወንጌልን ተቀበለ፣ ዘፈኑን ተወ፣ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስም ወደ ቀድሞው መድረክ አልተመለሰም። ከፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ ድምፆች አንዷ የነበረችው ሂሩት በቀለም ይህንኑ መንገድ ይዛለች። ለሁለቱም ባርኔጣዬን አነሣለሁ። ስምና እንጀራን ለእምነት ብሎ መተው ቀላል ነገር አይደለም፤ ብዙዎቻችን አንዲት የደመወዝ እርከን አንተውም። ሆኖም የአንድ ሰው ስእለት የአገር ሁሉ ሕግ አይሆንም። በብሉይ ኪዳን ናዝራዊ የሆነ ሰው ወይን አይቀምስም ነበር፤ ጌታ ግን በቃና ዘገሊላ ወይን አደለ። ሙሉቀን የተወው የራሱን ነው። እኛ የሰማነውን እኛ እንድንተው በእሱ ስም ማን ወከላቸው?

ሙሉቀን ያረፈ ሰሞን እዚሁ አብነት አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ነበር። ሬዲዮው ከተዋቸው ዘፈኖቹ አንዱን ለቀቀ። ጥግ የነበሩ ሁለት ጎልማሶች ሒሳባቸውን ከፍለው ተነሥተው ነበር፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ ቆመው ቀሩ። እነዚያ ሰዎች በዚያች ደቂቃ ኃጢአት ሲሠሩ ነበር የሚለኝ ካለ ምን ዓይነት ኃጢአት እንደሆነ በስሙ ይጥራልኝ።

ጥላሁን ገሠሠ ያረፈው ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በትንሣኤ በዓል ዕለት ነው። አገር ወጥቶ ቀበረው፤ ያረፈውም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። ፍትሐት ተደርሶለት፣ ካህናት ቆመውለት! «ዘፋኝ መንግሥተ ሰማያትን አይወርስም» እያሉ በየዐውደ ምሕረቱ የሚያስተምሩን መምህራን ያን ቀን ዝም አሉ። በእኔ በኩል ካህናቱ ልክ ነበሩ ባይ ነኝ። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ለታላቁ ዘፋኝ የተከፈተው የካቴድራል በር ለሠርጓ ዘፋኝ ለምን ጠበበ? ወይስ ምሕረቱም እንደ ግብዣ ካርድ በዝና ነው የሚታደለው?

በሌላው ዓለም የሆነውን በአጭሩ ላንሣ። ቶማስ ዶርሲ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ፒያኒስት ነበር። «ጆርጂያ ቶም» በሚል ስም ብሉዝ ይጫወት ነበር፤ ያውም ጨዋ ያልሆነውን ብሉዝ። በ1932 እ.ኤ.አ. ሚስቱ በወሊድ ሞተችበት፣ ሕፃኑም ተከተላት። ዶርሲ ከዚያ ሐዘን ውስጥ ሆኖ ዛሬ በመላው ዓለም የሚዘመረውን፣ «እጄን ያዘኝ» የሚለውን ልመናውን ጻፈ። ቋንቋው የመዝሙር፣ ትንፋሹ ግን የብሉዝ ነበር። ብዙ ፓስተሮች መጀመሪያ ላይ ይህን ዜማ ከደጃቸው አባረሩት፤ የመሸታ ቤት ሙዚቃ ነው አሉ። ዛሬ እነዚያ ቤተ ክርስቲያናት ያለ እሱ ዜማ ማምለክ አይችሉም። የእኛም ወንጌላውያን ወጣቶች ጊታርና አኮርዲዮን ይዘው የአገራቸውን ቅኝት መዘመር ሲጀምሩ «ይህማ የአዝማሪ ሥራ ነው» ያላቸው አልታጣም። ያኔ የተሰደቡት ዛሬ ሽማግሌ ሆነው ሌላውን ይሰድባሉ። ወይ ጉድ!

እሺ፣ ታዲያ ዘፈን እንዴት ይሰማ? ጋዜጠኝነት ስማር አስተማሪያችን አንድ ወሬ ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀውን አስጠንቶን ነበር። ማን ተናገረ? ለማን? ምን አለ? እኔ ዘፈንን የምሰማው እንዲሁ ነው፤ ከዲፕሎማዬ የተረፈኝ ትልቁ ነገርም ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ትዝታን ውሰዱ። የሚናገረው ማን ነው? የተለየ፣ የቀረ ሰው። ለማን? ለሄደችው አይደለም፤ እሷማ አትሰማም። ለራሷ ለትዝታ ነው የሚናገረው፤ ቤቱ ገብታ አልወጣም ላለችው እንግዳ። ምን ይላል? «አልዳንሁም» ይላል። ይህን በሰው ፊት የሚናገር ወንድ በእኛ አገር ስንት አለ? በጉባኤ «ተፈወስሁ» የሚል እንጂ «አልዳንሁም» የሚል ቆሞ እንዲመሰክር ዕድል አይሰጠውም። ሰው ለንስሐ አባቱ ያልነገረውን ለትዝታ ይነግራል። በዚህ ላይ አንድ የሰዋስው ነገር አለ። ስብከት «እናንተ» ይላል፤ ዘፈን «አንቺ»፣ «አንተ» ይላል። ታክሲ ውስጥ ተጠባብቀን ተቀምጠን ዘፈኑ ሲጀምር እያንዳንዳችን ለእኔ ብቻ ነው የተባለው ብለን ወደ መስኮት እንዞራለን። ዘፈን ሰውን የሚይዘው በዚህ በኩል ነው። ምቱ በር ይከፍታል እንጂ ገብቶ የሚቀመጠው «አንቺ» የሚለው ቃል ነው።

የእናቴ እኩዮች ሲያወሩ እንደሰማሁት፣ በቀይ ሽብር ጊዜ ልጇ የተገደለባት እናት ማልቀስ ተከልክላ በነበረበት ወራት፣ የመለያየት ዘፈን በሬዲዮ ሲመጣ የቤቱ ሰው ሁሉ ጸጥ ይል ነበር። ዘፈኑ ስለ አንዲት ኮረዳ ነው። የተሰማው ግን ስለ ልጁ ነው። ሰምና ወርቅ ያስተማረን ሕዝብ ስለሆንን ይህ አይቸግረንም፤ ገጣሚው ወርቁን ባይቀብር እንኳ ሰሚው ራሱ ይቀብርበታል። በዚያው ዘመን ደግሞ የመዝሙሩ ሰው ተስፋዬ ጋቢሶ ለእምነቱ ሲል ሰባት ዓመት ያህል ታስሮ፣ መዝሙሮቹ ከካሴት ወደ ካሴት እየተገለበጡ ከሰው ቤት ወደ ሰው ቤት ይሻገሩ ነበር። አንዱ ቤት በዘፈን፣ ሌላው ቤት በመዝሙር ከደረቱ ላይ ድንጋይ ያነሣ ነበር። ሁለቱም ውሸት አልተናገሩም። እኔ እንደማምነው እውነት የተነገረበት ቦታ ሁሉ የጌታ ርስት ነው፤ ተናጋሪው አወቀውም አላወቀውም።

ይህንኑ ሦስት ጥያቄ ወደ መዝሙሩ ስናዞረው ግን ነገር ይመጣል። በዚህ ዘመን ከሚወጡት መዝሙሮች ብዙዎቹን ቁጭ ብላችሁ ቃላቸውን ብቻ በወረቀት ጻፉት። ማን ይናገራል? እኔ። ለማን? ለጎረቤቴ፣ ለጠላቴ፣ ለናቀኝ ሰው። ምን እላለሁ? «ከፍ አልሁ፣ አንተ አፈርህ፣ ገና ታየኛለህ!» ይህ በአማርኛ ስም አለው፤ ፉከራ ይባላል። ሃሌ ሉያ ስለገባበት ፉከራነቱ አልቀረም። ጎራዴ የለውም እንጂ ሽለላው ሙሉ ነው። ሌላው ደግሞ መኪናና ቤት የሚቆጥር ነው፤ ፈጣሪን የዕቁብ ሰብሳቢ ያደረገ። እንዲህ የዘመረ ሰው ሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ «ምን ብለህ ነው የዘመርኸው?» ተብሎ ያውቃል? በፍጹም! ሳጥኑ ላይ «መዝሙር» ተብሎ ተጽፏላ።

ነቢዩ አሞጽ በምዕራፍ 5 ላይ እግዚአብሔር የሚለውን ሲያስተላልፍ፣ አርቁልኝ፣ አልሰማም የተባለው የመሸታ ቤት ዘፈን አልነበረም። በበዓል፣ በመሥዋዕት ፊት የሚቀርብ መዝሙር ነበር፤ በገናውም ጭምር። ምክንያቱም ያንን እየዘመሩ ድኻውን በደጅ ይገፉ ነበር። እንግዲህ ፈጣሪ ራሱ በስሙ የተዘመረለትን ዜማ ቃሉንና ሥራውን አይቶ ከመለሰ፣ እኛ በምን ሥልጣናችን ነው የሳጥኑን ጽሑፍ ብቻ አንብበን የምናሳልፈው? የሂፖው አውግስጢኖስ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ በቤተ ክርስቲያን ሲዘመር ከቃሉ ይልቅ ድምፁ ልቡን የማረከው እንደሆነ እንደ በደል ይቆጥረው እንደነበረ ጽፏል። ዘፈን ስለሰማ አይደለም የተጨነቀው፤ መዝሙር ሲሰማ ነው! የእኛ ሰዎች ይህ ጭንቀት ሲያልፍ አልነካቸውም።

ወደ ሁለተኛው ወገን ልሻገር። «መዝናኛ ነው» ባዩ ወዳጄ እስካሁን እጁን እያሻሸ እንዳነበበኝ እገምታለሁ። አንተም አልተረፍህም። ሴትን ልጅ ከዳሌና ከወገብ በቀር ሌላ እንደሌላት አድርጎ፣ ገበያ እንደወጣች ጊደር የሚገምታት ዘፈን ስንት አለ? ገንዘብ ከሌለህ ሰው አይደለህም የሚለውስ? ማን ይናገራል? ገዢ። ለማን? ለሸቀጥ። ይህን በቀን ዐሥር ጊዜ የሚሰማ የ14 ዓመት ልጅ ትምህርት ቤት ገብቷል፤ አስተማሪው ማን እንደሆነ ግን ወላጆቹ አያውቁም። «ቃሉን አልሰማውም፣ ምቱን ብቻ ነው» አትበለኝ። ገበያው መሐል አቁመህ ብትጠይቀው ሙሉውን ግጥም በቃሉ ይወጣዋል፤ ያልተሰማ ነገር በቃል አይያዝም።

ዘፈን ተራ ጨዋታ አለመሆኑን የሚጠራጠር ካለ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ምሽትን ያስታውስ። ሃጫሉ ሁንዴሳ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት ተገደለ። በኦሮምኛ የሚዘፍን ድምፃዊ ነበር፤ ዘፈኖቹ ለብዙ ወጣት የልቡ ቃል ነበሩ። በቀጣዮቹ ቀናት የፈሰሰውን ደምና የነደደውን ቤት የምናውቀው ነው። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ሲነሣ ደግሞ በየወገኑ ስንት ዘፈን ወጣ! ገዳይን የሚያሞግስ፣ ሟችን ሰው የማይል። ያን ጊዜ «ዘፈን ኃጢአት ነው» የሚሉት ሰባኪዎቻችንን በተስፋ ጠበቅኋቸው። አሁን እንኳ አንድ የሚኮነን ዘፈን ተገኘ፤ አሁን እንኳ ድምፃቸውን ያሰማሉ አልሁ። የፍቅር ዘፈንን ለማውገዝ ማይክ የሚነጥቁት ሰዎች፣ የወንድምን ሬሳ የሚረግጠው ዘፈን ሲለቀቅ አብዛኞቹ ዝም አሉ። አንዳንዶቹም ምቱን በእግራቸው ይዘው ነበር። እነዚህን ሰዎች የምከሳቸው ዘፈን ስለጠሉ አይደለም፤ መጥላት ያለባቸውን ዘፈን ስላልጠሉ ነው።

አንድ ጠንካራ መከራከሪያ መቅረቡ አይቀርም፤ እኔም ልሸሸው አልፈልግም። «ዘፈን ብቻውን አይመጣም፤ መጠጡን፣ ጫቱን፣ ሌሊቱን ይዞ ይመጣል። አንዱ ቀድሞ ሰካራም ነበር፤ ያን ዘፈን ሲሰማ እግሩ ወደ መሸታ ቤት ይሄዳል። ወንድምን ማሰናከል አይደለም ወይ?» ይሉኛል። ነው! እንዲህ ያለውን ሰው አውቃለሁ፤ ሬዲዮኑን ቢዘጋ ደግ አደረገ እላለሁ። እሱ ባለበትም ዘፈን ከፍቼ አልቀመጥም። ግን ለአንድ በሽተኛ የታዘዘ መድኃኒት ለከተማው ሁሉ አይታደልም። ስኳር በሽታ ያለበት ጎረቤት አለን ብለን የሰፈሩን ማር ሁሉ አንደፋም። የወንድምን ድካም ማክበር አንድ ነገር ነው፤ ድካሙን ሃይማኖት አድርጎ ጤነኛውን ማሳመም ሌላ ነገር ነው።

«ታዲያ ወጣቱ በራሱ ይምረጥ ነው የምትለው? ይሳሳታልኮ!» የሚሉም አሉ። ይሳሳታል እንጂ! ስብከት ሲሰማስ አይሳሳትም? የሚያስፈራኝ መሳሳቱ አይደለም፤ አለመልመዱ ነው። በአዳራሽ «ዘፈን አልሰማም» ብሎ እጁን ያወጣ ልጅ ማታ ብርድ ልብሱ ውስጥ የጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ ይሰማል። ይህን ወላጆችም መምህራንም ያውቃሉ። ተደብቆ ስለሚሰማ ያገኘውን ሁሉ አንድ ላይ ይውጣል፤ እናቱን የሚያስታውሰውንም፣ እህቱን የሚያዋርደውንም። ሁለቱም «ኃጢአት» ስለተባሉ በመካከላቸው ልዩነት መኖሩን የነገረው የለም። ሁሉን እኩል የከለከለ ሁሉን እኩል ፈቀደለት ማለት ነው።

ለዚህ ትልቅ ጉባኤ አያስፈልግም። በሰፈራችን ያሉ የወጣት ኅብረቶችና ሰንበት ትምህርት ቤቶች በወር አንድ ከሰዓት ይስጡ። ሰሞኑን በየታክሲው የሚሰማውን አንድ ዘፈን ይምረጡ፤ በየአዳራሹ የሚሰማውን አንድ መዝሙርም ይምረጡ። የሁለቱንም ቃል በወረቀት ይገልብጡ። ርእሱንና የዘማሪውን ወይም የዘፋኙን ስም ይተዉት፤ ሙዚቃውንም ይተዉት። ከዚያ አንድ ልጅ ቆሞ ሁለቱንም ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፤ ማን ይናገራል፣ ለማን፣ ምን ይላል እየተባለ ይጠየቅ። የትኛው መዝሙር የትኛው ዘፈን እንደነበረ መጨረሻ ላይ ይገለጽ። ሽማግሌዎቹም ይምጡ፤ ከፊት ወንበር ይሰጣቸዋል። ያቺን ልጅ ደግሞ እንድታነብ እኔ ለምኜ አመጣታለሁ፤ ማንበብ እንኳ አልተከለከለችም። ለወረቀቱና ለፎቶ ኮፒው እኔ እከፍላለሁ።